ተራ የማይደርሰው ባለንብረት

ባሌ የሣር ሥራ ባለንብረት ተብሎ ፎቶግራፉ በተሰቀለበት ዓመት ቤታችን ያፈስስ ነበር። ሁለቱን ምን አገናኛቸው እንዳትሉኝ፤ እኔም ያን ዓመት ይህንኑ ስጠይቅ ነው የከረምኩት። ቤቱ የሚከደነው ባሌ ሲመጣ ነበር። ባሌ የማይመጣው ባለንብረት ስለሆነ ነበር። ባለንብረት ያደረግነው ደግሞ እኛው ነን፤ ያውም እልል ብለን። እዚህ ድረስ ነገሩ ቀጥ ያለ ይመስላል። መሐሉን ልናገር ስል ግን ዛሬም፣ ፀጉሬ ሸብቶ እንኳ፣ ይጠፋብኛል።

የተዳርኩት ከእምድብር ብዙም በማይርቅ መንደር ነው። ቤቶቹ እንደ ማንኛውም የጉራጌ መንደር ጀፎረውን ግራና ቀኝ ይዘው የተሠሩ ናቸው። ጀፎረ መንገድም መስክም ነው፤ ሰፊ፣ ከብት የሚግጥበት፣ ልጅ የሚቦርቅበት፣ ሠርግም ለቅሶም የሚቀመጥበት ነው። የማን ነው ብሎ የሚጠይቅ የለም። አጥሩን አንድ ክንድ ወደ ጀፎረው የገፋ ሰው ግን ሽማግሌ ፊት ይቆማል። ባሌና ወንድሞቹ ሣርን የሚያውቁት ከዚያ ነው።

ወንድማማቾቹ ሦስት ናቸው። ባሌ ታላቅ ነው፤ ከሱ ቀጥሎ መካከለኛው፣ ከዚያ ትንሹ። አባታቸው ቀድሞ ስለሞተ ባሌ ገና በልጅነቱ አዲስ አበባ ገብቶ አንድ ፈረንጅ ግቢ አትክልተኛ ሆነ። ፈረንጁ ወደ አገሩ ሲመለስ በእጅ የምትገፋ የሣር ማጨጃ መኪና ትቶለት ሄደ። ባሌ መኪናዋን አውቶቡስ ጣሪያ ላይ አስጭኖ ወልቂጤ አወረዳት። በዚያን ጊዜ ወልቂጤ የጅማ መንገድ ያቆማት፣ ቆርቆሮዋ ከቀን ወደ ቀን የሚበዛ ከተማ ነበረች። የመንገድ ሠሪዎች ካምፕ ነበር፤ ክሊኒክ ነበር፤ መንገደኛ ምሳ የሚበላበት ሆቴል ነበር። ሁሉም ደጃቸው ላይ አጭር ሣርና የተከረከመ የአጥር ተክል ፈለጉ። ሣርን ለከብት ሳይሆን ለዓይን ማሳደግ ለእኛ ሰዎች እንግዳ ነገር ነው። አማቴ እስክትሞት ድረስ “ታዲያ ያጨዱትን ማን ይበላዋል?” ስትል ኖራለች።

ሥራውን ወንድማማቾቹ በተራ ያዙት። ይህ በእኛ ዘንድ አዲስ አይደለም። ሱቅም ይሁን ሻይ ቤት፣ አንዱ ወንድም ከተማ ሲሠራ ሌላው አገር ቤት እንሰት ይተክላል፣ ቤት ይጠግናል፣ ለቅሶ ይደርሳል። መስቀል ሲመጣ ሁሉም ይሰበሰባል፤ በዓሉ ሲያልፍ ተራው ይለወጣል። ከተማ ያለው የሁሉንም ቤት ይደጉማል፤ አገር ያለው የሁሉንም እንሰት ይጠብቃል። ማን ምን አለው ተብሎ አይጠየቅም። ብትጠይቅ ራስህ ታፍራለህ።

ደንበኞቹም ሦስቱን አይለዩአቸውም ነበር። ሦስቱም ረጃጅም፣ ሦስቱም ግንባረ ሰፊ፣ የሚለብሱትም ያችኑ አንዲት ካኪ ቱታ ነው። የሆቴሉ እትዬ “ይህ የሣር ሰውዬ አንድ ዓመት ይወፍራል፣ አንድ ዓመት ይከሳል፤ ኮሶ ሳይኖርበት አይቀርም” ብላ ለመካከለኛው መድኃኒት በጥብጣ ሰጥታዋለች። እሱም እሷን ላለማሳፈር ጠጥቶታል። የንግድ ፈቃዱ ራሱ የወጣው በሟቹ አባታቸው ስም ነበር፤ የእገሌ ልጆች ተብሎ። የጠየቀን አልነበረም።

ደንቡ የመጣው ክረምት ሊገባ ሲል ነው። ያን ዓመት ከተማ ያለው ባሌ ነበር። ልጃችንን በዳዴ ጥሏት ሄዶ፣ ያን ጊዜ ቆማ መሄድ ጀምራለች። በወልቂጤ ገበያ በድምፅ ማጉያ የተነገረው እንዲህ ነው አሉ። ፈቃድ ያለው ሁሉ፣ ትልቅም ይሁን ትንሽ፣ እውነተኛ ባለንብረቱን ያሳውቅ። ባለንብረቱ ራሱ ቀርቦ ምስክር ባለበት የኔ ነው ይበል። ፎቶግራፉ በሥራው ቦታ በግልጽ ይሰቀል። ከዚያ በኋላ በጉዳዩ የሚታወቀው እሱ ብቻ ነው። ምክንያቱ ደግሞ፣ በሰው ስም እየነገዱ ራሳቸውን የሚደብቁ ትልልቅ ሰዎች ስለበዙ ነው ተባለ። ትልልቆቹ ስለተደበቁ እኛ ሣር አጫጆች የምንገለጥበት ነገር ለእኔ ያኔም አልገባኝም።

ወሬው መንደራችን ሲደርስ ሌላ ወሬ ሆኖ ነው። አንዷ ጎረቤቴ መንግሥት ለጦር ሠራዊቱ ፈረሶች ሣር ሊሰበስብ ነው አለች። ሌላው፣ ከእንሴኖ ጨው እያመጣ የሚሸጥ ሰው፣ “ወላሂ፣ እኔ የሰማሁት ባለንብረት የተባለውን ሁሉ ጅማ ሊያሰፍሩት ነው” አለ። አማቴ ይህን ሰምታ የሟቹን ስም እንዳይነኩባት ለመነች፤ እሱን ማንም ጅማ አይወስደውም ብላ።

ባሌ ወንድሞቹን አስጠራና ሦስቱም ፈቃድ የሚሰጠው ቢሮ ቀረቡ። የሆነውን የነገረኝ ትንሹ ነው፤ እሱ ሲያወራ እየተነሣ እየተቀመጠ ነው።

ጸሐፊው “ባለንብረቱ ማን ነው?” አለ።

ትንሹ ወደ መካከለኛው፣ መካከለኛው ወደ ባሌ ጠቆመ። ባሌ ደግሞ “የአባታችን ነው” አለ።

“አባታችሁ የት ናቸው?”

“ሞተዋል።”

“ሙት ባለንብረት አይሆንም። ከእናንተ የማን ነው?”

“የሦስታችን።”

“እንግዲያው የሽርክና ውል አምጡ።”

“የምን ውል?”

“ለአንዱ ስንት፣ ለሌላው ስንት፣ ቢጣሉ እንዴት፣ ቢሞት ለማን የሚል ነዋ።”

ሦስቱም ተያዩ። ባሌ “ጌታዬ፣ እኛ የአንድ እናት ልጆች ነን” አለ። ጸሐፊው ያንን አልጠየቅኳችሁም አላቸው።

ወደ አገር ተመልሰው ሽማግሌዎች ጀፎረው ላይ ተቀመጡላቸው። እኔ ከቤት ደጃፍ ሆኜ እሰማ ነበር። አንደኛው ሽማግሌ፣ ወንድማማች ውል የሚጽፈው ከተጣላ በኋላ ነው፤ ሳይጣሉ መጻፍ ጠብን በስሙ መጥራት ነው አለ። ሁሉም በእሺታ ራሱን ነቀነቀ። ቢጣሉ እንዴት የምትለዋን ቃል ሲሰማ ሌላው ሽማግሌ ምድር ላይ እንትፍ አለ። ታዲያ ምን ይደረግ? ታላቁ ይሁን። ታላቅ እያለ ታናሽ የኔ ነው አይልም፤ ታላቅ የኔ ነው ቢል ደግሞ የሁሉም ነው ማለት ነው። ትንሹ ተነሥቶ የባሌን ጉልበት ሳመ። አማቴ በግ አሳረደች። ጎረቤት ሁሉ “ሹመት ያዳብር” እያለ ገባ። እኔም እልል አልኩ፤ የባለንብረት ሚስት ሆኛለሁና ለምን እልል አልልም? ጉድና ጅራት ከወደ ኋላ ነው የሚሉት ለካ እውነት ነው።

ለፎቶግራፉ፣ ፎቶ አንሺው ለደንበኛ ሁሉ የሚያውሰውን ጥቁር ኮትና ክራባት አልብሶ፣ ፀጉሩን በውሃ አስተኝቶ አነሣው። ባሌ በዕድሜው ክራባት ያሰረው ያን ቀን ብቻ ነው። ሥዕሉ ላይ ያለው ሰው ዓይኑ ፈጦ፣ አንገቱ ቀጥ ብሎ፣ ዘመድ እንኳ የማይጠይቅ ሰው ይመስል ነበር። አሁን የት ይሰቀል? ደንቡ በሥራው ቦታ በግልጽ ይላል። ባለ ሱቁ ግድግዳ አለው፤ ባለ ሻይ ቤቱ ግድግዳ አለው። የሣር አጫጅ የሥራው ቦታ ግን የሰው ግቢ ነው። ካምፑ ግድግዳዬ ላይ አይሰቀልም አለ፤ የሆቴሉ እትዬ እዚህ ቤት ባለንብረት እኔ ነኝ ብላ ተቆጣች። ሲጨንቀው ባሌ ፎቶግራፉን ጣውላ ላይ ለጠፈና በማጨጃዋ መኪና እጀታ ላይ በሽቦ አሰረው። መኪናዋ በምትሄድበት ሁሉ ኮት የለበሰው ሰው ከፊት ከፊት ይሄዳል፤ ቱታ የለበሰው ደግሞ ከኋላ ይገፋል።

ሁለተኛውን ቅጂ በመስቀል ይዞልኝ መጣ። ልጄ አላወቀችውም። ሲያነሣት ጮኸች፤ ወደ ትንሹ አጎቷ እጇን ዘረጋች። ያን ዓመት ውሃ ያጠጣት፣ ትከሻው ላይ ያዞራት እሱ ነበርና አትፈረድም። ባሌ ሳቀ፤ ሳቁ ግን ቶሎ አለቀ። “ግድ የለም፣ አሁን ተራዬ ነው፤ እስክትሰለቸኝ ታየኛለች” አለኝ። ከተነጋገርነው ሁሉ ደስ ያለኝ ይህ ነበር። በበጋው ሣሩን አሳጭደን ቤቱን ልንከድን፣ እንሰቱን ልናዛውር፣ ልጅቷም አባቷን ልታውቅ ነው። ትንሹ ቱታዋን በጨርቅ ቋጥሮ ወደ ወልቂጤ ሄደ።

ሳምንት ሳይሞላው ቋጠሮውን ይዞ ተመለሰ። በሩ ላይ ቆሞ አልገባም አለ፤ ፊቱ ጠቁሯል።

“የካምፑ ዘበኛ አላስገባኝም” አለ። “ሥዕሉን አየ፣ እኔን አየ፤ ‘ይህ አንተ አይደለህም’ አለኝ።”

ባሌ “ወንድሜ ነው አትለውም?” አለ።

“አልኩት። ‘ባለንብረቱ ይምጣ፤ አለዚያ የባለንብረቱ ቅጥር መሆንህን አስመዝግብና ና’ አለኝ። ቢሮ ሄድኩ። ጸሐፊው ‘የማን ቅጥር ልበል?’ ብሎ ጠየቀኝ።” ቋጠሮውን መሬት ላይ ጣለው። “ጋሼ፣ እኔ የወንድሜ ሎሌ ተብዬ አልጻፍም።”

ባሌ ወደ መካከለኛው ዞረ። መካከለኛው “እኔስ ብጻፍ ግድ አልነበረኝም። ግን ትንሹ እምቢ ያለውን እኔ እሺ ብል እሱን ማዋረድ ይሆንብኛል” አለ። ማናቸውም አልተጣሉም። ቢጣሉ ይሻል ነበር፤ ለጠብ ሽማግሌ መሐል ይገባል፣ ይታረቃል። እነሱ ግን ተከባበሩ። ባሌ በማግስቱ፣ ለጥቂት ቀን ነው ብሎ፣ ወደ ወልቂጤ ተመለሰ። ትንሹም ኩርፊያውን ይዞ አዲስ አበባ ገባ።

ጥቂት ቀን የተባለው በጋውን ዋጠው። በጭነት መኪና ሾፌር እጅ መልእክት ይልካል። አንዴ ከቢሮ ተጠርቻለሁ ይላል፤ አንዴ ክሊኒኩ አዲስ ችግኝ አስተክሎኛል፣ ባለንብረቱ ራሱ ካልሆነ ሥራውን አልረከብም ብሏል ይላል። ዱሮ ቢታመም መካከለኛው ሄዶ ያጭድለት ነበር፤ ሰውም አያውቅም ነበር። አሁን ሁሉም ሥዕሉን ያያል። እኔ ማታ ማታ ልጄን ታቅፌ ምሰሶው ላይ ወደ ሰቀልነው ፎቶግራፍ እጠቁማለሁ። “አባትሽ የት አለ?” ስላት ጣቷን ወደዚያ ትቀስራለች። ጥሩ ልጅ ነበረች፤ ያስተማርኳትን ይዛለች።

መካከለኛውን ቤቱን ክደንልኝ አልኩት። ሣሩ ታጭዶ ደርቆ ተቀምጧል፤ ጎረቤት ለደቦው እሺ ብሏል። እሱ ግን ራሱን ነቀነቀ። በመንደራችን አባወራው የመጀመሪያውን የሣር ነዶ ወደ ጣሪያ ሳያቀብል ቤት አይከደንም፤ እንዲያ የሚከደን የሟች ቤት ነው። “ወንድሜ በሕይወት እያለ የሱን ነዶ አላቀብልም” አለኝ። እሱም እውነቱን ነው። ያን በጋ ሁሉም እውነቱን ነበር፤ የሚያሳብደኝም ይኸው ነው። የምቆጣው ሰው ባገኝ ኖሮ ቁጣዬን ተወጥቼበት እተኛ ነበር።

የበልግ ደመና መታየት ሲጀምር ልጄን አዝዬ ተነሣሁ። አማቴ የት ልትሄጂ ነው አለችኝ። “የባለንብረቱን ተራ ልጠይቅ” አልኳት። ከእምድብር ጭነት መኪና ላይ ወጥተን፣ አቧራ ጠግበን ወልቂጤ ደረስን። ባሌን ከማየቴ በፊት ቢሮው ጋ ሄድኩ፤ እሱን ካየሁ ሆዴ እንደሚባባ አውቃለሁ።

ጸሐፊው መነጽር ያደረገ፣ ጨዋ ሰው ነበር። ወንበር አስቀርቦልኝ “ምን ልርዳሽ፣ እህቴ?” አለኝ።

“ጌታዬ፣ ባሌን ከባለንብረትነት አውርዱልኝ።”

“ምነው? ድርሻሽን ከለከለሽ?”

“እሱ ምንም አልከለከለኝም። ንብረቱ ነው እሱን የከለከለኝ።”

እርሳሱን አስቀመጠ። “ታዲያ የማን ይሁን ነው የምትዪው?”

“እንደ ዱሮው ይሁን።”

“ዱሮ የማን ነበር?”

“ተራ የደረሰው።”

“እህቴ፣ ተራ የደረሰው የሚባል ባለንብረት የለም። ለወንድሞቹ ይሽጥላቸዋ።”

“የራሳቸውን?”

“እሺ፣ በስጦታ ይስጣቸው።”

“የራሳቸውን?”

መነጽሩን አውልቆ ዓይኑን አሸ። አሳዘነኝ፤ እኔ የገባሁበት ውስጥ እሱም ገብቶ መውጫ ሲፈልግ አየሁት። ትንሽ አሰበና፣ ወይ ደግሞ እኔ ራሴ ልመዝገብ እንደምችል ነገረኝ፤ የሱን ስም አውጥቶ የኔን ያስገባል። ለአፍታ የሚሆን መሰለኝ። ከዚያ እኔ ወልቂጤ ስቀመጥ፣ ባሌ እንሰት ሲፍቅ ታየኝ፤ በእኛ አገር እንሰት የሚፍቅ ወንድ የለም። አይሆንም አልኩት።

“እንግዲያው ያለው መንገድ አንድ ነው” አለኝ። “ይዝጋው። መዝጋት ለባለንብረቱ ቀላል ነው፤ ማንንም አያስፈቅድም።”

ይህን ይዤ ወጣሁ። ቢዘጋ ሦስት ቤት የሚደጎምበት ይቆማል። ባይዘጋ የእኔ ቤት የሙት ቤት እንደሆነ ይቀራል። ገበያው መሐል ቆሜ የትኛውን እንደምጸልይ አላውቅም ነበር። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ ይባላል፤ የእኔን ላም ግን አያታለሁ፣ ሆቴሉ ደጃፍ ላይ ሣር ታጭዳለች።

ሆቴሉ ጋ ስደርስ ባሌ ወደ እኛ ጀርባውን ሰጥቶ ይገፋ ነበር። ቱታዋ ከላብ ጠቁራለች፤ ጢሙ አድጓል፤ ፀጉሩ ላይ ሣር ተበትኗል። ልጄን ከጀርባዬ አወረድኳትና “ያውልሽ አባትሽ፣ ሂጂ” አልኳት። ድምፄን ሲሰማ ዞረ። መኪናዋን አቁሞ ሁለት እጁን ዘርግቶ በጉልበቱ ተንበረከከ። ልጅቷ እየሮጠች ሄደች። አጠገቡ ስትደርስ አልፋው ሄደችና መኪናዋ እጀታ ላይ የታሰረውን ጣውላ አቀፈች። “አባ” አለችው። ፎቶግራፉን።

ባሌ እጁን እንደዘረጋ ቀረ። የሆቴሉ እትዬ በረንዳ ላይ ሆና አይታ ሳቀችና፣ ወዲያው ሳቋን ዋጠችው። እሱ ቀስ ብሎ ዞሮ ልጁን ከጀርባዋ አያት። “እኔ ነኝ አባትሽ” አላት። ልጄ እሱን አየችው፣ ጣውላውን አየችው፤ ከዚያ ሮጣ ቀሚሴ ውስጥ ገባች። ያን ቀን ያዘንኩትን ያህል ኋላ እሱ ሲሞት እንኳ አላዘንኩም። እሱ ግን የቀረችውን ሣር አጭዶ ጨረሰ፣ ጠርዙን በመቀስ አስተካከለ፣ መኪናዋን አጠበ። ከዚያ ጣውላው የታሰረበትን ሽቦ ፈታ።

በማግስቱ ጠዋት ቢሮው ደጃፍ ላይ ልጄን ይዤ ጠበቅኩት። ገብቶ ብዙም ሳይቆይ ወጣ፤ ለመክፈት ስንት ቀን የተመላለሰበትን ለመዝጋት አፍታ አልፈጀበትም። መኪናዋን ጭነት መኪና ላይ ጫንናት። ጉብሬ እስክንደርስ ድረስ ትክክል ሠራህ ወይስ አበላሸህ ልለው አፌን እየከፈትኩ መልሼ ዘጋሁት። አላውቅማ። ልጅቷ በመሐላችን ተኝታ እግሯ ጭኑ ላይ አርፎ ነበር፤ እሱ እንዳትነቃ ብሎ እግሩን ሳያጥፍ አገር ገባ።

ቤቱ ዝናቡ ሳይጠና ተከደነ። የመጀመሪያውን ነዶ ባሌ አቀበለ፤ ጣሪያው ላይ ሆኖ የተቀበለው መካከለኛው ነው። ሲቀበለው ዓይኑን አላየውም። ክረምቱን አንድ ጠብታ አልገባብንም። የምንበላው ግን ቀነሰ፤ አማቴ ቅቤውን በጣቷ ጫፍ ማውጣት ጀመረች፤ የመካከለኛው ሚስት ሰላምታ ስትሰጠኝ አፏ ብቻ ነበር። በሚያፈስስ ቤት ጠግቦ ማደርና በማያፈስስ ቤት ሳይጠግቡ ማደር የትኛው ይሻላል ብትሉኝ መልሱን ለጎረቤት ተዉልኝ።

በመስቀል ትንሹ ከአዲስ አበባ መጣ። ክትፎው እስኪበላ ታገሠ። እጅ ከታጠበ በኋላ አማቴ ፊት ተነሥቶ ቆመ።

“ጋሼ፣ የሦስታችንን ነገር ሳትጠይቀን ብቻህን ዘጋኸው” አለ።

ባሌ ቀና ብሎ አየው። “ማን ነው ባለንብረቱ ሲሉ ወደ ማን ጠቆማችሁ?”

“ወደ አንተ። አክብረንህ ነዋ።”

“እኔም አክብራችሁኝ ነው የተቀበልኩት። ከዚያ በኋላ ግን ቤቴ መግባት ያቃተኝ እኔ ብቻ ነበርኩ” አለ። ድምፁን አላነሣም።

መካከለኛው መሬት መሬቱን አየ። አማቴ ወደ ሁሉም ተራ በተራ ተመለከተችና፣ ፈቃዱ በሟቹ ስም ሳለ ይህ ሁሉ አልነበረም ብላ አለቀሰች። የሚያሳዝነው እሷም እውነቷን ነው። ያን ዕለት ማንም ማንንም አላስታረቀም። ትንሹ በዓሉ ሳያልቅ ሄደ፤ ብዙ መስቀልም ሳይመጣ ቀረ። መጥቶ የታላቁን ጉልበት የሳመው እኛ አርጅተን ነው፤ ያኔም ስለ ሣር አላነሡም።

ፎቶግራፉ ቤት ሲከደን ከምሰሶው ወርዶ ቁም ሣጥን ሥር ገብቶ ነበር። ከዚያው መስቀል በኋላ ቤት ሳጸዳ አገኘሁትና፣ አቧራውን ጠርጌ ወደ ቦታው መልሼ ሰቀልኩት። ልጄ አባቷ ጭን ላይ ተቀምጣ ቆጮ ትበላ ነበር። ቀና አለችና አየችው።

“ይህ ሰውዬ ማን ነው?” አለች።

ባሌ ማኘኩን አቁሞ ለረጅም ጊዜ ኮቱን፣ ክራባቱን፣ የፈጠጠውን ዓይን አየ።

“እኔም በደንብ አላውቀውም” አላትና ጉርሻዋን አጎረሳት።